ፖከር በሽምብራ፦ ለጀማሪዎች ከደሴ የተጻፈ መመሪያ

ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል። ደሴ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደጅ የሚያቆይ ነገር ብዙም የለም። ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ካርታ ይወጣል። አሁን አሁን ልጆቹ ፖከር አስተምሩን ይላሉ። ስልካቸው ላይ አይተውታል። ሕጉን ቶሎ ይይዙታል። ከዚያ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፤ የደረሳቸውን ካርታ ሁሉ ይጫወታሉ።

ጎበዝ የፖከር ተጫዋች ከሌላው የሚለየው ካርታ መጣል፣ ማለትም ከዙሩ መውጣት፣ በመቻሉ ነው። ከ5 ዙር 4ቱን ይጥላል። ቁጭ ብሎ ያያል። ጀማሪ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም አብዛኛው ወደዚሁ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ገንዘብ እንነጋገር። ይህ መመሪያ በሽምብራ ለሚጫወት ሰው ነው። ያለነው ወሎ ነው። ቁማር ለሙስሊሙ ሐራም ነው፤ በክርስቲያኑም ቤት ነውር ነው። ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት በሕግም ያስጠይቃል። ገንዘብ ከገባበት ደግሞ ሰው መማሩን ትቶ የጠፋበትን ለማስመለስ መሯሯጥ ይጀምራል። ያለ ገንዘብም ቢሆን ካርታ የማይነካ ሰው አለ። እሱን አትጎትጉቱት። ቡናው ላይ አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ይጫወት፣ ያውራ።

1. ገበታውን ማሰናዳት

የምንማረው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚጫወቱት እሱን ነው። ከ4 እስከ 6 ሰው ብትሆኑ ጥሩ ነው። ጆከሮቹን አውጡና 52ቱን ካርታ ብቻ አስቀሩ።

ለእያንዳንዱ ሰው 15 ባቄላና 50 ሽምብራ ስጡት። አንድ ባቄላ 10 ሽምብራ ነው። በድምሩ 200 ማለት ነው። ጥሬውን ተጠቀሙ። የተቆላ ከሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ይበላል። አንድ ቆርኪ ደግሞ አዘጋጁ፤ ዳማ የሚጫወት ሰው ካለ ቆርኪ አይጠፋም። ቆርኪው አዳዩ ማን እንደሆነ ያሳያል። በየዙሩ ወደ ግራ አንድ ሰው ያልፋል።

በሽምብራ ሲጫወቱ አንድ ችግር አለ። ዋጋ የለውም ብሎ ሁሉም በደመ ነፍስ ያስይዛል። እንዲህ ከሆነ ምንም ትምህርት የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሽምብራው ያለቀበት ሰው ለዚያ ምሽት አይጨመርለትም። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ የቀረውን ቆጥሮ ደብተር ላይ ይጻፍ። ስሙ ከነቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየተጻፈ ሲሄድ ሰው ለሽምብራውም ይሳሳል።

2. አንድ ዙር እንዴት ይሄዳል

ከቆርኪው ባለቤት በስተግራ ያለው 1 ሽምብራ ያስይዛል። እሱ ትንሹ ብላይንድ ነው። ቀጥሎ ያለው 2 ያስይዛል፤ ትልቁ ብላይንድ። እነዚህ ሁለቱ ካርታ ሳያዩ ነው የሚያስይዙት። መሃል ላይ የሚከማቸው ሽምብራ ፖት ይባላል።

ካርታው ይበወዛል። ለእያንዳንዱ ሰው 2 ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከትልቁ ብላይንድ በስተግራ ያለው ሰው ይጀምራል። ምርጫው ሦስት ነው። ካርታውን ይጥላል፤ ፎልድ ማለት ነው። የተያዘውን ያህል ያስይዛል፤ ኮል ነው። ወይም ከፍ ያደርጋል፤ ሬይዝ ነው።

ከዚያ መሃል ላይ 3 ካርታ ተገልጦ ይቀመጣል። ፍሎፕ ይባላል። የሁሉም ሰው ካርታ ነው። እንደገና ማስያዝ ይኖራል። ቀጥሎ 1 ካርታ ይገለጣል፤ ተርን። እንደገና ማስያዝ። የመጨረሻው 1 ካርታ ሪቨር ነው፤ እዚህም ማስያዝ አለ። ከፍሎፕ ጀምሮ ከቆርኪው በስተግራ ያለው ሰው ቀድሞ ይናገራል፤ ቆርኪው ያለበት ሰው መጨረሻ ይናገራል። ማንም ካላስያዘ ምንም ሳይጨምሩ ማለፍ ይቻላል፤ ቼክ ይባላል። ያለውን በሙሉ ያስያዘ ደግሞ ኦል ኢን ገባ ይባላል። በመጨረሻ በእጁ ካሉት 2ና መሃል ካሉት 5 ካርታዎች የተሻለ 5 ያወጣ ሰው ፖቱን ይወስዳል። ሌላው ሁሉ ከጣለ ግን የቀረው አንድ ሰው ካርታውን ሳያሳይ ይወስዳል።

3. ማን ማንን ይበልጣል

ከታች እንነሳ። ምንም ያልገጠመለት ሰው በትልቁ ካርታው ይወዳደራል። ትልቁ አስ ነው፤ ከዚያ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እያለ ይወርዳል። ይህን አንድ ጥንድ ይበልጠዋል። አንዱን ጥንድ ሁለት ጥንድ። እሱን ሦስት አንድ ዓይነት። ከዚያ ስትሬት፤ እንደ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ተከታታይ የሆኑ አምስት ካርታዎች። ከዚያ ፍለሽ፤ አምስቱም አንድ ምልክት ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ። ከዚያ ፉል ሃውስ፤ ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ። ከዚያ አራት አንድ ዓይነት። ከሁሉም በላይ ስትሬትም ፍለሽም አንድ ላይ የሆነው። የዚህ ትልቁ፣ ከ10 እስከ አስ በአንድ ምልክት፣ ሮያል ፍለሽ ይባላል። ከ52 ካርታ ሊወጡ ከሚችሉ 2,598,960 የአምስት ካርታ ስብስቦች 4ቱ ብቻ ናቸው እንዲህ የሚሆኑት። እሱን እየጠበቃችሁ አትጫወቱ።

ብዙ ጀማሪ ፍለሽና ስትሬትን ያምታታል። ፍለሽ ይበልጣል። በወረቀት ጽፋችሁ ገበታው አጠገብ አስቀምጡት።

4. የትኛውን ካርታ ልጫወት?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሽምብራችሁ የሚያልቀው በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ ነው።

ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዛችሁ ፍሎፕ ሲገለጥ ቢያንስ አንድ ጥንድ የምታገኙት ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ገደማ ነው። ሁለቱን ጊዜ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ገና ከጅምሩ ደካማ ካርታ ይዞ የገባ ሰው ደግሞ ቢገጥምለትም ከሌላው የሚያንስ ጥንድ ነው የሚያገኘው። ለምሳሌ አስና 4 ይዛችኋል። ፍሎፕ ላይ አስ መጣ። ደስ አላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ያለው ግን አስና ኪንግ ይዟል። ጥንዳችሁ አንድ ነው፤ በአጃቢው ካርታ ትሸነፋላችሁ። ይህ ሽንፈት ውድ ነው፤ ምክንያቱም ጥንዱን አምናችሁ እስከ መጨረሻው ትከፍላላችሁ።

ሌላው የሚያታልለው ሁለት አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ናቸው። ልብ ልብ ሲሆን ሰው ዓይኑ ይበራል። ፍሎፕ ላይ ወዲያው ፍለሽ የሚሆነው ግን ከ118 ጊዜ 1 ጊዜ አካባቢ ነው። ምልክቱ ጥሩ ካርታን ትንሽ ያሻሽላል እንጂ ደካማውን ጥሩ አያደርገውም።

ስድስት ሆናችሁ ስትጫወቱ በዚህ ጀምሩ።

ቀድማችሁ የምትናገሩ ከሆነ ከ7 ጥንድ እስከ አስ ጥንድ፣ አስና ኪንግ፣ አስና ኩዊን ተጫወቱ። አስና ጃክ፣ ኪንግና ኩዊን አንድ ምልክት ከሆኑ ይጨመሩ። ሌላውን ጣሉ።

መሃል ላይ ከሆናችሁ የ5ና የ6 ጥንድን፣ አስና ጃክን፣ ኪንግና ኩዊንን በማንኛውም ምልክት ጨምሩ። አንድ ምልክት ከሆኑ አስና 10፣ ኪንግና ጃክ፣ ኩዊንና ጃክ፣ ጃክና 10ም ይገባሉ።

ቆርኪው እናንተ ጋ ከሆነና ከፊታችሁ ማንም ካልገባ በሩን ሰፋ አድርጉት። ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም አንድ ምልክት ያለው አስ፣ አስ ከ10 ወይም ከዚያ በላይ ጋር፣ ኪንግ ከ10 ወይም ከዚያ በላይ ጋር፣ ኩዊንና ጃክ፣ አንድ ምልክት ያላቸው ተከታታይ ካርታዎች እስከ 6ና 5 ድረስ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሊታደላችሁ ከሚችለው አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። በጣም ሰፊ በሆነው ቦታ እንኳ አራት አምስተኛውን ትጥላላችሁ ማለት ነው።

ያሰለቻል? መጀመሪያ ላይ አዎ። ጥንድ የሚደርሳችሁ ከ17 ዙር 1 ጊዜ ነው። የአስ ጥንድ ከ221 ዙር 1 ጊዜ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሌሎቹን በማየት ተጠቀሙበት። ማን በምን ካርታ እንደሚገባ፣ ማን ቶሎ እንደሚጥል፣ ማን ጥሎ እንደማያውቅ የሚታየው እናንተ ውጭ ስትሆኑ ነው።

5. መቀመጫ

አንድ ዓይነት ካርታ በአንዱ ወንበር ይጣላል፣ በሌላው ይጫወታል። ሰኞ ገበያ በግ ሊገዛ የወጣ ሰው ሌሎቹ የሰጡትን ዋጋ ሰምቶ መጨረሻ ቢናገር ይሻለዋል። እዚህም እንደዚያ ነው። መጨረሻ የሚናገር ሰው ሌሎቹ ያደረጉትን ሁሉ አይቷል። ሁሉም ቼክ ካሉ ድክመት አይቷል። ሁለት ሰው ከፍ ካደረገ አደጋ አይቷል። ቀድሞ የሚናገር ሰው ግን በጨለማ ነው።

ስለዚህ ካርታችሁን ከማየታችሁ በፊት ቆርኪው የት እንዳለ እዩ። ይህን ልማድ ካደረጋችሁት የጨዋታችሁ ግማሽ ተስተካክሏል። በብላይንድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ «ሽምብራዬ መሃል ገብታለች» እያለ ደካማ ካርታ ይዞ ይቀጥላል። ያቺ ሽምብራ አንዴ ከገባች የፖቱ ናት። የእናንተ አይደለችም።

6. ከገባችሁ ከፍ አድርጋችሁ ግቡ

ጥሩ ካርታ ይዘው በኮል ሹልክ ብለው የሚገቡ ብዙ ናቸው። ሌሎቹ እንዳይሸሹ ብለው ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። የአስ ጥንድ የያዘ ሰው ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ ሪቨር ቢሄድ ከ100 ጊዜ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ከአምስት ሰዎች ጋር ከሆነ 49 ጊዜ ገደማ ብቻ። ካርታው ያው ነው፤ የተቀየረው የሰው ብዛት ነው።

ስለዚህ ማንም ካልገባ ወደ 6 ሽምብራ ከፍ አድርጉ። ከፊታችሁ በኮል የገባ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ 2 ጨምሩ። ከዚያ ቀድሞ ከፍ ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። አስና ጃክ መጀመሪያ ለመግባት ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ከፍ ላደረገ ጥንቁቅ ሰው ግን አይበቃም። ጣሉት።

ሁሌ የምታስይዙት መጠን አንድ ዓይነት ይሁን። በጥሩ ካርታ 10፣ በመካከለኛው 5 የምታደርጉ ከሆነ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ያነባችኋል።

7. ፍሎፕ ከተገለጠ በኋላ፦ አዳኝ ካርታ መቁጠር

እዚህ ትንሽ ሒሳብ አለ። አትፍሩት።

ልብ ልብ ይዛችኋል። ፍሎፕ ላይ ሁለት ልብ መጣ። አንድ ልብ ቢጨመር ፍለሽ ትሆናላችሁ። ልብ በጠቅላላው 13 ነው፤ 4ቱን አይታችኋል፤ 9 ቀርቷል። እነዚህን 9 አዳኝ ካርታ ልበላቸው። አንድ ካርታ ብቻ የሚቀር ከሆነ አዳኞቹን በ2 አባዙ፤ 18 በመቶ ገደማ። ሁለት ካርታ የሚቀርና ሌላ የማትከፍሉ ከሆነ በ4 አባዙ፤ 36 በመቶ። ትክክለኛው 19ና 35 ነው፤ በጣም ይቀራረባል። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት፣ ለምሳሌ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ካላችሁ፣ 8 አዳኝ አለ። መሃሉ የጎደለ ከሆነ 4 ብቻ።

አሁን ዋጋውን አወዳድሩ። ተርን ላይ ናችሁ። ፖቱ 60 ነው። ተጋጣሚያችሁ 30 አስያዘ። እናንተ 30 ብትከፍሉ ፖቱ በድምሩ 120 ይሆናል። 30 የ120 አንድ አራተኛ ነው፤ 25 በመቶ። ፍለሽ የሚመጣው ግን 20 በመቶ ገደማ ነው። አይመጣጠንም፤ ጣሉ። ያው ሰው 15 ብቻ ቢያስይዝስ? 15 ከፍላችሁ ድምሩ 90 ይሆናል። ወደ 17 በመቶ። አሁን ኮል ያዋጣል። ካርታው አንድ ነው፤ ውሳኔውን የቀየረው ዋጋው ነው። ይህን የገባው ሰው «ስሜቴ ይመጣል ብሎኛል» ማለት ያቆማል።

ከሒሳቡ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ግን አትርሱ። አንድ ዙር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንየው። ቆርኪው እናንተ ጋ ነው። አስና ኩዊን ደረሳችሁ፤ ልብ አይደሉም። 6 አደረጋችሁ። በትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው የአጎታችሁ ልጅ ብቻ ኮል አለ። ፖቱ 13 ሆነ። ፍሎፕ ላይ ኩዊን፣ 7ና 4 ወጣ፤ ሁለቱ ልብ ናቸው። እሱ ቼክ አለ። ጥንዳችሁ ከፍሎፑ ትልቁ ነው፤ አጃቢው አስ ነው። 8 አስያዛችሁ። ኮል አለ፤ 29 ሆነ። ተርን ላይ ምንም የማይለውጥ ጥቁር 2 መጣ። 18 አስያዛችሁ። ኮል አለ፤ 65። ሪቨር ላይ ሦስተኛው ልብ ወጣ። እስካሁን ዝም ብሎ ሲከተል የነበረው ልጅ ድንገት 45 አስያዘ።

እዚህ ጀማሪ ኮል ይላል። «እስካሁን ስመራ ነበር» ይላል። አስቡት። 45 ከፍላችሁ ድምሩ 155 ነው፤ 29 በመቶ። ይህ ሰው ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል በባዶ እጁ 45 ያስይዛል? ሁለት ጊዜ ተከትሎ ሦስተኛው ልብ ሲመጣ የነቃ ሰው በአብዛኛው ልቡን አግኝቶ ነው። ጣሉ። ጥሩ ጥንድ መጣል ያማል፤ ግን የምሽቱ ትልቁ ትርፍ ብዙ ጊዜ ሳትከፍሉት የቀረው 45 ነው።

8. ይሉኝታን ከገበታው ማውረድ

ስለ ፖከር የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ይህን አይጠቅሱትም፤ እኛ ጋ ግን ትልቅ ነገር ነው። ጋሼ ከፍ ሲያደርጉ ልጅ መልሶ ከፍ ማድረግ ያፍራል። ደፋር እንዳይባል ኮል ብቻ ይላል። እንግዳ ሲያስይዝ ባለቤቱ «ብቻውን አይቅር» ብሎ በማይረባ ካርታ ይከተላል። ቤት ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። ገበታው ላይ ግን ውሳኔን ያበላሻል።

መፍትሔው ሳይጀመር መነጋገር ነው። ትልቁ ሰው ራሳቸው «ልጆች፣ እዚህ ታላቅና ታናሽ የለም፣ እንዳመጣላችሁ» ቢሉ ሁሉም ይፈታል። አክብሮቱ በአነጋገር ይቀጥላል። «ጋሼ፣ ከፍ አድርጌያለሁ፣ ተራው የእርስዎ ነው» ማለት ይቻላል።

9. ብለፍ

ብለፍ ማለት ጥሩ ካርታ ሳይኖር ያለ አስመስሎ አስይዞ ሌላውን ማስጣል ነው። ፊልም ላይ ያየ ሁሉ በመጀመሪያው ምሽት ብለፍ ያደርጋል። ጥሎ በማያውቅ ሰው ላይ ብለፍ ማድረግ ሽምብራ መስጠት ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ሌሎቹን እዩ ያልኩት። ብለፍ የሚሠራው መጣል በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው።

ጥሩው ብለፍ ባዶ አይደለም። አዳኝ ካርታ ያለው ነው። በጣም የታወቀውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር 839 ሰዎች ገብተው ነበር። ለመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ከቴነሲ የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከርና ልምድ ያለው ሳም ፋርሃ። በአንዱ ዙር መኒሜከር ኪንግና 7 ነበረው። ተርን ላይ መሃል 9፣ 2፣ 6ና 8 ተገልጧል፤ ሦስቱ አንድ ምልክት ናቸው፣ ኪንጉም እንደዚያው። አንድ ተጨማሪ ካርታ ፍለሽ ወይም ስትሬት ሊያደርገው ይችል ነበር። ከፍ አደረገ። ሪቨር ላይ የማይረባ 3 መጣ። ምንም የለውም። ያለውን በሙሉ አስያዘ። ፋርሃ የ9 ጥንድ ይዞ አሰበ፣ አሰበ፣ ጣለ። መኒሜከር ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ከዚህ የሚወሰደው ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ተርን ላይ ሲገፋ ሁለት መውጫ ነበረው፤ ወይ ሰውየው ይጥላል፣ ወይ ካርታው ይመጣል። ሪቨር ላይም የተናገረው ታሪክ የሚታመን ነበር፤ ፍለሽ ያለው ሰው እንዲሁ ነው የሚያስይዘው። እናንተም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶ እጃችሁን ብለፍ አታድርጉ። አዳኝ ሲኖራችሁና የቀረው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ሞክሩት።

10. ሲሸነፉ

የአስ ጥንድ በሌላ ጥንድ ላይ ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ ገደማ ይሸነፋል። በትክክል ተጫውታችሁ ትሸነፋላችሁ ማለት ነው። ካርታ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም። «አራት ዙር አልመጣልኝም፣ አሁን ይመጣል» የሚባል ነገር የለም።

ንዴት ሲመጣ ሰው የሚጫወተው ካርታ ይበዛል። ከራሳችሁ ላይ ይህን ካያችሁ አንድ ሁለት ዙር ውጡ። ቶናው ደርሶ ይሆናል። ደብተሩ ላይም አሸነፍኩ ወይም ተሸነፍኩ ብቻ አትጻፉ። ከምሽቱ አንድ የከበዳችሁን ውሳኔ ጻፉ፦ ካርታችሁ፣ መቀመጫችሁ፣ ፖቱ ስንት እንደነበር፣ ምን እንዳደረጋችሁ። በማግስቱ ረጋ ብላችሁ ስታዩት ስህተቱ ይታያችኋል። ስልክ ላይ ያሉት የነጻ መጫወቻዎች ለሕጉ ይጠቅማሉ። ለውሳኔ ግን አይረዱም፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያለ ሐሳብ ኦል ኢን ይገባል። ቺፕስ፣ ማለትም በሽምብራው ፋንታ እዚያ የሚያስይዙትን፣ በገንዘብ ግዙ ሲሏችሁም እለፉት።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ይህን ሥሩ። ቁጭ በሉና ለስድስት ሰው ካርታ አድሉ። አንዱን ወንበር የራሳችሁ አድርጉ፣ ቆርኪውንም አስቀምጡ። ሁለቱን ካርታ እዩና «እገባለሁ» ወይም «እጥላለሁ» በሉ። ከዚያ የቀሩትን አምስቱን ገልጣችሁ ምን እንደነበራቸው እዩ። ቆርኪውን አንድ ወንበር አሳልፉና እንደገና በውዙ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል በረንዳ ላይ ይሆናል፤ ደሴ ከሆናችሁ ግን የከሰሉን ክፍል በር ገርበብ አድርጉት።